ከ10 በላይ፣ ከ10 በታች

የጉድጓዱ ውሃ የላቦራቶሪ ውጤት አንድ ገጽ ነበር። በግራ የንጥረ ነገሮቹ ስም፣ በመካከል የተለካው መጠን፣ በቀኝ የተፈቀደው ጣሪያ ተደርድሯል። አርሰኒክ በተባለው መርዛማ ንጥረ ነገር ረድፍ ላይ 12 ይላል፤ ከጎኑ ደግሞ 10። መለኪያው ማይክሮግራም በሊትር ነው፤ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለ የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ማለት ነው። ጉድጓዱ በግቢያቸው የተቆፈረው እናት ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት። «ልጄ፣ ቁጥሩን ተወውና፣ ልጠጣው ወይስ አልጠጣው?» አሉኝ።

የአካባቢ ብክለት በሰው ጤና ላይ የሚያስከትለውን ስጋት መገምገም መተዳደሪያዬ ነው። አርሰኒክ፣ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ፍሎራይድ፤ እነዚህን ስሞች ከዘመዶቼ ስም ይበልጥ ደጋግሜ እጽፋቸዋለሁ። ሰንጠረዥ መሙላት፣ ቀመር ማስላት፣ «ከደረጃው በላይ ነው» ብሎ መፈረም አያስቸግረኝም። እንዲህ ፊት ለፊት ስጠየቅ ግን አፌ ላይ የመጣው የወረቀቱ ቃል ነበር። «ከተፈቀደው በላይ ስለሆነ ባይጠጡት ይሻላል፣ እማማ» አልኳቸው።

እሳቸው በዚህ አላበቁም። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እና ይህ 12 ያላችሁት 9 ቢሆን ኖሮ ጠጡ ትሉን ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ።

አዎ፣ እንል ነበር። ከ9 ፊት ለፊት «ያሟላል» ተብሎ ይጻፋል፣ ወረቀቱ ማህደር ውስጥ ይገባል፣ ከቢሮው ማንም ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ወደዚያ ግቢ አይመጣም። ከአንድ ጉድጓድ በአንድ ቀን ሁለት ጠርሙስ ተቀድቶ ወደ ሁለት ላቦራቶሪዎች ቢላክ አንዱ 9፣ ሌላው 11 ቢያወጣ የሚደነቅ የሙያው ሰው የለም፤ መለካት በራሱ የስሕተት ህዳግ አለው። በዚያች ህዳግ ውስጥ ግን አንዱ ቤተሰብ «ውሃችሁ ንጹሕ ነው» ይባላል፣ ሌላው «አትጠጡ» ይባላል። እማማ ፊደል ሳይቆጥሩ የደረሱበትን ይህን ነገር እኔ ስንት ዓመት በላዩ ላይ ስፈርምበት ኖሬያለሁ። ጥያቄያቸው ከዚያ ወዲህ አልለቅ ብሎኛል።

አሥር ከየት መጣች?

ብዙ ሰው የተፈቀደ ጣሪያ ሲባል ተፈጥሮ ያሰመረችው ድንበር ይመስለዋል፤ ከዚህ ወዲህ ጤና፣ ከዚያ ወዲያ በሽታ። የአርሰኒክ ታሪክ ግን ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1958 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው የመጠጥ ውሃ ደረጃ 200 ማይክሮግራም ይፈቅድ ነበር። በ1963 ወደ 50 ወረደ። በ1993 ደግሞ 10 ሆነ፤ እሱም «ጊዜያዊ» ከሚል ቅጽል ጋር። ያ ጊዜያዊ ቁጥር እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው። በ1958 በንጹሕነቱ የሚመሰገን የነበረ ውሃ ዛሬ ቢለካ ከሚፈቀደው 20 እጥፍ አርሰኒክ ሊገኝበት ይችላል።

ጊዜያዊ የተባለበት ምክንያት ብዙ ጊዜ አይነገርም። 10 የተመረጠችው ከእሷ በታች ጉዳት ስለሌለ አይደለም። በጊዜው በነበረው መሣሪያ በአስተማማኝ ሁኔታ መለካት የሚቻለውና በማጣሪያ ውሃውን ወደዚያ መጠን ማውረድ የሚቻለው እዚያ ድረስ ስለነበረ ነው። አርሰኒክ የቆዳ፣ የሳንባና የፊኛ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በመጀመሪያው ምድብ፣ ማለትም በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠው መካከል ያስቀምጠዋል። ካንሰርን በተመለከተ ደግሞ የተለመደው ግምት መጠኑ ሲቀንስ ስጋቱ ይቀንሳል እንጂ በአንድ ነጥብ ላይ ተቆርጦ ዜሮ አይሆንም የሚል ነው።

የአሜሪካው ውዝግብ ነገሩን ይበልጥ ያጋልጠዋል። እዚያ 50 ከ1942 ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል። በ2000 የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው 5 ይሁን ሲል ሐሳብ አቀረበ፤ የማጣራቱ ወጪና የሚገኘው ጥቅም ተመዝኖ በ2001 10 ሆነ፤ ተግባራዊ የሆነው ደግሞ ከጥር 2006 ጀምሮ ነው። በዚያው በ2001 የአገሪቱ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ያሰላው ስሌት እንደሚያሳየው አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ 10 ማይክሮግራም ያለበት ውሃ ቢጠጣ በፊኛና በሳንባ ካንሰር የመያዝ ተጨማሪ ዕድሉ ከ1,000 ሰው 3 ገደማ ነው። ኤጀንሲው በሌሎች የብክለት ጉዳዮች ላይ የሚታገሠው ስጋት ከሚሊዮን ሰው 1 እስከ ከ10,000 ሰው 1 ባለው ክልል ውስጥ ነው። እንግዲህ ሕጋዊ የተባለው አርሰኒክ ከዚህ ክልል ወጥቶ ቆሟል ማለት ነው።

ዴንማርክ ጣሪያዋን 5 አድርጋለች። የኔዘርላንድ የውሃ አቅራቢዎች ከ1 በታች ለማውረድ ተስማምተዋል። ባንግላዴሽ አሁንም በ50 ላይ ናት። ያው አንድ ብርጭቆ ውሃ ድንበር ሲሻገር ሕጋዊነቱ ይለወጣል፤ ጠጪው አካል ግን ያው የሰው አካል ነው። ይህን ስል ሁሉም አገር በአንድ ጊዜ 1 ላይ ይውረድ ማለቴ አይደለም። ባንግላዴሽ ነገ 10 ብትል የሚፈጠረው ሌላ ውሃ የለም፤ የሚበዛው «አትጠጡ» የተባለው ጉድጓድ ብቻ ነው። የምለው፣ ጣሪያው ሳይንሱ የሚያውቀው፣ መሣሪያው የሚለካውና ካዝናው የሚችለው አንድ ላይ ተቀምጠው የተስማሙበት ውል መሆኑን ነው። ጠጪው በውሉ ላይ አልፈረመም።

ውሃው ያው ነው፣ ስሌቱ ግን

ከዚያ ግቢ ከተመለስኩ በኋላ ያደረግሁት ነገር ቢኖር ወረቀቱን ትቼ ስሌቱን በራሴ እጅ ከመጀመሪያው መሥራት ነው። የስጋት ግምገማ በ1983 በአሜሪካ ከተቀረጸ ወዲህ በአራት እርከን ይሠራል፦ አደጋውን መለየት፣ መጠንና ጉዳት የሚገናኙበትን መስመር ማግኘት፣ ሰው ምን ያህል እንደሚጋለጥ መገመት፣ በመጨረሻም ሦስቱን አጣምሮ ስጋቱን በቁጥር መግለጽ። ሲጻፍ የተራቀቀ ይመስላል፤ ልቡ ግን የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

12 ማይክሮግራም በሊትር፣ በቀን 2 ሊትር፣ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው። 24 ለ70 ሲካፈል በየቀኑ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.34 ማይክሮግራም ይመጣል። ለሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ስንጠቀምበት የኖርነው የአሜሪካው ኤጀንሲ ማነጻጸሪያ መጠን፣ ማለትም በየቀኑ ቢወሰድ ጉዳት አያመጣም ተብሎ የሚገመተው፣ 0.3 ነበር። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል ሬሾው 1.1 ነው። በሙያችን ልማድ 1 ሲያልፍ ትኩረት ይሻል ይባላል፤ 1.1 ግን ከንፈር ተመጥጦ የሚታለፍ ቁጥር ነው።

በጥር 2025 ያው ኤጀንሲ የአርሰኒክን ግምገማ አድሶ አወጣ። ማነጻጸሪያው ከ0.3 ወደ 0.06 ወረደ። ሬሾው ከ1.1 ተነሥቶ 5.7 ገባ። በካንሰር በኩል ለውጡ የባሰ ነው። የድሮው ቀመር የቆመው በደቡብ ምዕራብ ታይዋን ከ40,000 በላይ ሰዎች ላይ በተካሄደውና በ1968 በታተመው የቆዳ ካንሰር ጥናት ላይ ነበር፤ በእሱ ሲሰላ የ12 ማይክሮግራሙ ውሃ ዕድሜ ልክ ቢጠጣ ተጨማሪው ስጋት ከ10,000 ሰው 5 ነው። አዲሱ የፊኛና የሳንባ ካንሰርን ይዞ ሲሰላ ከ100 ሰው 1 ይደርሳል። ሃያ እጥፍ ልዩነት ነው። በመካከል ከጉድጓዱ የተጨመረም የተቀነሰም ጠብታ የለም።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው አያውቁትም» ይላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። የተለወጠው የተከታተልነው ሰው ብዛትና የክትትሉ ዘመን ነው፤ ትናንት ቆዳ ላይ የሚታየውን ብቻ እንቆጥር ነበር፣ ዛሬ ከ30 ዓመት በኋላ ሳንባ ላይ የሚወጣውንም እንቆጥራለን። ረዘም ያለ ዓይን ብዙ ያያል። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። በ1.1 ዘመን ፈርመን የዘጋናቸው ማህደሮች የት አሉ?

ሌላው ነገር፣ 70 ኪሎ የሚመዝነው ሰው ማነው? እማማ አይደሉም፤ ቀጭን ናቸው። ዕድሜ ልክ የሚለው ግምትም ለእሳቸው አይሠራም፤ ጉድጓዱ የተቆፈረው በቅርብ ነው፣ እሳቸው ደግሞ በዕድሜ ገፍተዋል። አርሰኒክ ካንሰር ለማምጣት ብዙ ጊዜ አሥርት ዓመታት ይወስድበታል። ስለዚህ ለእሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በሐቅ ስናገር፣ በዚህ መጠን እንቅልፍ የሚነሣኝ ነገር አልነበረም። በግቢው ውስጥ ግን በቅርቡ ከጡት የተለየ የልጅ ልጅ አለ፤ ወተቱ የሚበጠበጠው በዚሁ ውሃ ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በቀን 1 ሊትር ቢጠጣ ለአንድ ኪሎ የሚደርሰው 1.2 ማይክሮግራም ነው፤ ከአያቱ ስሌት ከሦስት እጥፍ በላይ፣ ከአዲሱ ማነጻጸሪያ 20 እጥፍ። አንድ ቁጥር፣ አንድ ጉድጓድ፣ ሁለት ጠጪዎች፣ ሁለት የተለያዩ መልሶች። ወረቀቱ ላይ ግን ለሁለቱም አንድ ረድፍ ብቻ ነው ያለው።

እያሳሳቀ ይወስዳል

ስለ አርሰኒክ ሳስብ «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» የሚለው ተረት ከአፌ አይጠፋም። ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም፣ ውሃውን አያደፈርስም። እማማ «አፍልቼው ብጠጣውስ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነው። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ አርሰኒክ ግን ንጥረ ነገር ስለሆነ የሚሞት ነገር የለውም፤ ይልቁንም ውሃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይጠነክራል።

በሰሜን ቺሊ የምትገኘው የአንቶፋጋስታ ከተማ በ1958 አዲስ የወንዝ ውሃ በቧንቧ ገባላት። ከአንዲስ ተራሮች የመጣው ውሃ በሊትር 870 ማይክሮግራም ገደማ አርሰኒክ ነበረበት። በ1970 ማጣሪያ ተተከለና መጠኑ ወረደ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በፊኛና በሳንባ ካንሰር የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን ማጣሪያው ከተተከለ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ከፍ እንዳለ ቆየ። በእነዚያ ዓመታት በማሕፀን የነበሩ ወይም ሕፃናት የነበሩ ሰዎች ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ በሳንባ በሽታ የመሞት ዕድላቸው ከሌላው በእጅጉ በልጦ ተገኘ። ቧንቧው ከተዘጋ በኋላ ዕዳው ይከፈላል። ለዚህ ነው ከአያቱ ይልቅ የሕፃኑ ጡጦ ያሳሰበኝ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ደግሞ ባንግላዴሽ ታስታውሰኛለች። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዩኒሴፍና በሌሎች ድጋፍ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥልቀት የሌላቸው የእጅ ፓምፕ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ዓላማው የተቀደሰ ነበር፤ ሰው ከኩሬና ከወንዝ እየቀዳ በተቅማጥ እንዳያልቅ። አርሰኒክ ግን ማንም አልመረመረም። በጎረቤት ምዕራብ ቤንጋል በ1983 የቆዳ ሐኪሞች ዘንድ መዳፋቸውና ውስጥ እግራቸው እንደ ኪንታሮት የጠጠረ፣ ደረታቸው ነጠብጣብ ያወጣ ሰዎች መምጣት ጀምረው ነበር። በ1992 የብሪታንያ ጂኦሎጂስቶች በባንግላዴሽ የጉድጓድ ውሃ ጥራት ዳሰሳ አካሄዱ፤ ብዙ ንጥረ ነገር ለኩ፣ አርሰኒክን ግን በዝርዝራቸው ውስጥ አላስገቡም። በዓመቱ፣ በ1993፣ ችግሩ በይፋ ታወቀ። ጉዳዩ ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት እስከነበረው የብሪታንያ የጌቶች ምክር ቤት ድረስ በክስ ደርሶ በ2006 የጂኦሎጂስቶቹ ተቋም በሕግ አይጠየቅም ተብሎ ተዘጋ። እኔ ዳኛ አይደለሁም፤ ይህን መዝገብ ሳነብ ግን አንድ ነገር ተሰምቶኛል። ያልተለካው ነገር ሪፖርቱ ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ አይታይም፤ ጨርሶ አይታይም። አንባቢው ደግሞ ያልተጻፈውን ንጹሕ ነው ብሎ ያነበዋል።

በ2001 የታተመው አገር አቀፍ ጥናት 3,534 ጉድጓዶችን መረመረ፤ ጥልቀታቸው ከ150 ሜትር ከሚያንሰው መካከል 27 በመቶው ከ50 በላይ፣ 46 በመቶው ከ10 በላይ አርሰኒክ ነበረባቸው። ከዚያ ቀደም ሲል በ2000 የዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ ለአደጋ የተጋለጠውን ሕዝብ ከ35 እስከ 77 ሚሊዮን ገምቶ ነበር። አራይሃዛር በተባለ አካባቢ ከ2000 ጀምሮ ወደ 12,000 ሰዎችን የተከታተለው ጥናት ደግሞ በ2010 ያወጣው ውጤት ከሞቱት መካከል ከ100 ሰው የ21ዱ ሞት ከ10 ማይክሮግራም በላይ አርሰኒክ ካለበት የጉድጓድ ውሃ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ገመተ። ይህን ቁጥር ሳነብ የመጀመሪያ ሐሳቤ «መሣሪያው ርካሽ ቢሆን ኖሮ» የሚል ነበር። ርካሽ መሣሪያ ግን ኋላ መጣ፣ የሚሊዮን ጉድጓዶች ፓምፕም ተቀባ፤ ቀይ ከ50 በላይ፣ አረንጓዴ ከ50 በታች። ፊደል የማያውቅም ያነበዋል። ሆኖም 49 አረንጓዴ ነው። ቀለሙ ልጠጣው ወይስ አልጠጣው ለሚለው ቁርጥ ያለ መልስ ሰጥቷል፤ የእማማን ሁለተኛ ጥያቄ ግን እሱም አልመለሰም።

ከምን ጋር ሲነጻጸር?

ወደዚያ ግቢ ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ የሰንጠረዡን ወረቀት ቢሮ ትቼ የመስክ መመርመሪያውን ይዤ ነበር። ከመሄዴ በፊት ለራሴ ያነሣሁት ጥያቄ፣ እማማ ይህን ውሃ ቢተዉ ምን ይጠጣሉ የሚል ነው። ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት ከወንዝ ነበር የሚቀዱት፤ ያኔ ልጆች በየክረምቱ በተቅማጥ ይወድቁባቸው እንደነበር ራሳቸው ነግረውኛል። ከ30 ዓመት በኋላ ለሚመጣ ካንሰር ብዬ በሚቀጥለው ሳምንት ወደሚገድል ተቅማጥ ብመልሳቸው ከድጡ ወደ ማጡ ይሆናል። ስሌታችን ይህን አያውቅም። ቀመሩ ውስጥ የአርሰኒክ መጠን፣ ክብደት፣ ዕድሜ አለ፤ «አለበለዚያስ?» የሚል ቦታ የለም።

የአርሰኒክ አንድ ጠባይ ግን እዚህ ላይ ይረዳል። ከመሬት በታች ያለው አርሰኒክ በአብዛኛው ከብረት ኦክሳይድ ጋር ተጣብቆ የሚኖር ነው፤ አየር በሌለበት ደለል ውስጥ ብረቱ ሲሟሟ አብሮ ወደ ውሃው ይወጣል። ይህ የሚሆነው በየቦታው በተለያየ መጠን ስለሆነ በጥቂት አሥር ሜትሮች የሚራራቁ ሁለት ጉድጓዶች አንዱ የተበከለ፣ ሌላው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። በአራይሃዛር ውጤታቸው ከተነገራቸው የተበከለ ጉድጓድ ተጠቃሚዎች መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወደ ሌላ ጉድጓድ ዞረዋል፤ በሽንታቸው ውስጥ ያለው አርሰኒክም ወርዷል። ማጣሪያ የለም፣ ኬሚካል የለም፤ ጎረቤት ጋር መቅዳት ብቻ።

የጎረቤቲቱን ጉድጓድ እዚያው መረመርነው። ዕቃው ቀላል ነው። ውሃው በትንሽ ብልቃጥ ይቀዳል፣ አሲድና የዚንክ ዱቄት ይጨመርበታል፣ ውሃው መፍላት የጀመረ ይመስል አረፋ ያወጣል። በክዳኑ ላይ ሜርኩሪ ብሮማይድ የተቀባ ነጭ ወረቀት ይታሰራል። በውሃው ውስጥ አርሰኒክ ካለ ወደ ጋዝነት ተለውጦ ወደ ላይ ይወጣና ወረቀቱን ያቀልመዋል፤ ጥቂት ከሆነ ፈዛዛ ቢጫ፣ ከበዛ ወደ ቡናማ። ጋዙ ራሱ ከባድ መርዝ ስለሆነ ሥራው ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይሠራል፤ ልጆቹን ራቅ አደረግናቸው። ከዚያ መጠበቅ ነው። እማማ ዱካ ላይ ተቀምጠው ብልቃጡን ትኩር ብለው ያዩታል፣ ጎረቤታቸው ቆመው። ክዳኑን ስከፍት ወረቀቱ ነጭ ነበር፤ ከቀለም ካርዱ የመጀመሪያ እርከን ጋር የሚመሳሰል። «እስቲ እኔም ልየው» ብለው ተቀበሉኝና ወደ ብርሃን አስጠጉት። የላቦራቶሪውን ወረቀት አገላብጠው የመለሱልኝ እኚህ ሴት ይህችን የጣት ጥፍር የምታክል ወረቀት ይዘው ብዙ ቆዩ።

የመስክ መመርመሪያ 5ን ከ15 አጥርቶ አይለይም፤ ስለዚህ ከዚያውም ናሙና ቀድቼ፣ ናሙናው እንዳይለወጥ ናይትሪክ አሲድ ጠብ አድርጌ ለላቦራቶሪ ወሰድኩ። እስከዚያው ግን የነገርኳቸው ይህን ነው፦ የሕፃኑና የልጆቹ መጠጥና ወተት ከዛሬ ጀምሮ ከጎረቤት ጉድጓድ ይሁን፤ ነፍሰ ጡር ካለች እሷም እንደዚሁ። ለልብስ፣ ለዕቃና ለገላ መታጠቢያ የራስዎ ውሃ አይጎዳም፤ አርሰኒክ በቆዳ የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። እርስዎም ቢመቸዎት ከጎረቤት ይጠጡ፤ ባይመቸዎት ግን ከዚህ ጠጡ እንጂ ወደ ወንዙ አይመለሱ። «እንዲህ ነው እንጂ!» አሉኝ። ከላቦራቶሪ የመጣው የጎረቤት ውጤት 3 ነበር።

በአንድ ጠርሙስ ውስጥ

ጉዳዩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ያው 3 የተባለው ውሃ ማንጋኒዝ የተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ነበረበት፤ ለዓይን የሚታይ ጥቁር ዝቃጭ በእንስራው ሥር እስኪያስቀር ድረስ። የዓለም ጤና ድርጅት በቅርብ ዓመታት ለማንጋኒዝ የሚያስቀምጠውን እሴት ከ400 ወደ 80 ማይክሮግራም አውርዶታል፤ ዋናው ስጋት ደግሞ በጡጦ የሚመገቡ ሕፃናት ናቸው። እንግዲህ ሕፃኑን ከአንዱ አሽሽቼ ወደ ሌላው አስጠጋሁት? መልሴ አይደለም ነው፤ ማንጋኒዝ እንደ አርሰኒክ ካንሰር አያመጣም፣ ከውሃም በአየርና በአሸዋ ማጣሪያ በቀላሉ ይወጣል። ሁለቱን ግን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚመዝን ሰንጠረዥ እጄ ላይ የለም። እኛ የየአንዳንዱን ሬሾ አውጥተን እንደምራለን፤ ድምሩ 1 ካለፈ እንጮኻለን። አንጎልን የሚነካው ማንጋኒዝና ፊኛን የሚነካው አርሰኒክ ሲደመሩ ምን እንደሚሆኑ ቀመሩ አይናገርም።

በምግብ በኩል የሚገባውም አለ። ሩዝ ውሃ በተኛበት ማሳ ስለሚበቅል አርሰኒክን ከሌሎች እህሎች ይበልጥ ይስባል፤ ለዚህም ነው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃዎችን የሚያወጣው የኮዴክስ ኮሚሽን በ2014 ለተፈተገ ሩዝ በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ጣሪያ ያወጣው። በዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ላቦራቶሪው ጠቅላላ አርሰኒክን ብቻ ለክቶ ከላከ የባሕር ዓሣ ከሁሉ የከፋ መርዝ ይመስላል፤ በዓሣው ውስጥ ያለው በአብዛኛው አርሰኖቤታይን የተባለው፣ ሰውነት እንደገባ የሚያስወጣው ጉዳት የለሽ ዓይነት ነው። የሚጎዳው ካርቦን የሌለው ዓይነት ነው። ይህን ሳይለይ የተጻፈ ሪፖርት ሲገጥመኝ፣ አልዋሽም፣ ደሜ ይፈላል፤ የማያስፈራውን አስፈርቶ የሚያስፈራውን ይሸፍናል።

በ2010 የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ ቀድሞ ለአርሰኒክና ለእርሳስ አስቀምጦት የነበረውን የሚፈቀድ ሳምንታዊ መጠን ሰረዘ። በአዲስ ቁጥር አልተካውም። ይህን ያህል ብትወስዱ ደኅና ናችሁ ለማለት የሚያስችል መሠረት የለም ማለቱ ነው። በሙያችን ውስጥ ካነበብኳቸው ውሳኔዎች ይህን የሚያህል ቀጥተኛ አላየሁም። ቢሮ ውስጥ ግን ዛሬም ሪፖርታችን የሚወጣው «ያሟላል» እና «አያሟላም» በሚሉ ሁለት ማኅተሞች ነው።

ይህን ለመለወጥ ከባልደረቦቼ ጋር ክርክር ከገጠምኩ ቆይቷል። እኔ የምለው ከማኅተሙ ሥር ማን መጠጣት እንደሌለበት፣ ለስንት ጊዜ፣ በምትኩ ምን እንደሚጠጣ የሚገልጽ ጥቂት መስመር ይኑር ነው። ከሁሉ ጠንክሮ የሚከራከረኝ ከእኔ በፊት ሥራውን የጀመረ ሰው ነው፤ እሱም ያለ ምክንያት አይደለም። የ1983ቱ አሠራር ገምጋሚንና ወሳኝን የለየው ገምጋሚው ቁጥሩን ለሚፈልገው መልስ እንዳያጣምመው ነው ይላል። «አንተ ዛሬ ጎረቤት ጋር ቅዱ ትላለህ፤ ነገ ጎረቤቲቱ በሯን ብትዘጋ ተጠያቂው ማነው?» ይለኛል። ለዚህ መልስ የለኝም፤ ጎረቤቲቱ በእርግጥ ለቀጂ ሁሉ በሯን ክፍት ማድረግ አይጠበቅባትም። እኔ ደግሞ «12 ብለን ሰጥተን ስንወጣስ ውሳኔውን ለማን ተውነው?» እለዋለሁ። ያኔ እሱ ዝም ይላል።

በአዲሱ ቅጽ ረቂቅ ላይ «ለተጠቃሚው የሚሰጥ ምክር» የምትል አንድ መስመር ገብታለች። አጭር ናት፣ ሁለት ዓረፍተ ነገርም አትይዝም። ማን ይሙላት፣ ማንስ ይፈርምባት የሚለው ገና በስብሰባ ላይ ነው።